ከባድ ማርሽን ይበልጥ ማክበድ ምንድን ነው?

ከኮሶዬ አስፋልት ወጣ ብሎ ባለ አንድ ድንጋያማ ዳገት ላይ፣ ሦስት ኩንታል ድንች የጫነችው ትንሿ ፎርዊሌ አልወጣም ብላ ቆመች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይነቃነቅም፣ ከወለሉ ሥር የሚያፍን ሽታ ይወጣል። ከጎኔ የተቀመጡት የድንቹ ባለቤት አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው «ልጄ፣ ይቺ ነገር እሳት ልትነሳ ነው እንዴ?» አሉኝ። እሳት አልነበረም፤ ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚለየው ፍሪሲዮኑ ነበር። በዚያ ዓመት ያቃጠልኩት ሁለተኛው መሆኑ ነው። ጥፋቱም የመኪናዋ ሳይሆን የእኔ ነበር።

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተምሮ «ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረድ» ያልተባለ ሰው የለም። ከባድ ማርሽ ማለት ሞተሩ ብዙ ዞሮ ጎማው ጥቂት የሚዞርበት ነው። ማክበድ የሚባለው ሥራ ደግሞ ይህንኑ ልዩነት ማስፋት ነው፤ ፋብሪካው ከሰጠው በላይ ሞተሩ ብዙ እንዲዞር፣ ጎማው ግን በዝግታ እንዲሄድ ማድረግ።

የእኔዋ ባለ 1.3 ሊትር ሱዙኪ ሳሙራይ ናት፤ ስለዚህ በእሷ ቁጥር ላስረዳ። በአንደኛ ማርሽ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሹ ሳጥን፣ የሞተሩን ዙር በ3.652 ያካፍላል። ከካምቢዮው ኋላ፣ በአጭር ዘንግ ተያይዞ ለብቻው የተንጠለጠለ ሌላ ሳጥን አለ፤ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያድለው እሱ ነው። ይህ ሳጥን ሁለት አቀማመጥ አለው፤ በከፍተኛው በ1.409፣ በዝቅተኛው በ2.268 ያካፍላል። በመጨረሻ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ዲፈረንሺያል በ3.727 ይከፍለዋል። ዝቅተኛውን ይዘን ሦስቱን ስናባዛ 31 ገደማ እናገኛለን። ሞተሩ 31 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በከፍተኛው ግን 19 ብቻ ነው።

ማክበዱ የሚሠራው በዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። የፋብሪካው ጥርሶች ይወጡና በዝቅተኛው አቀማመጥ በ4.16 የሚያካፍሉ ሌሎች ይገባሉ። ለሳሙራይ ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህንን ነው። ያኔ 31 የነበረው 57 ገደማ ይደርሳል።

ሞተሩ በዚህ ሁሉ አንዲት የፈረስ ጉልበት እንኳ አልጨመረም። ይህን የማይረዳ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቢያስብበት ይሻለዋል። የተለወጠው ጉልበቱ በምን ፍጥነት ወደ መሬት እንደሚወርድ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሞተሩ ከፋብሪካ ያመጣውን ጉልበት እንኳ ሙሉውን አይሰጥም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ደባርቅ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ሾፌሩ ይህን ለማካካስ ነዳጅ ይረግጣል፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ መኪናውን ሊያስነሳ ይሞክራል። የጋቢው ጫፍ አፍንጫ ላይ የሚወጣው ያኔ ነው። ማርሹ በቂ ክብደት ካለው ግን ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ይለቀቅና መኪናዋ ያለ ነዳጅ መርገጥ ራሷን ችላ ትወጣለች።

ፍሪሲዮኑን የቀየረልኝ ወጣት መካኒክ ሒሳቡን ከመቀበሉ በፊት ሳጥኑን ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው የምታስገባዋን አጭር እጀታ እያሳየኝ «ጋሼ፣ ይቺን ስንት ጊዜ ነክተዋታል?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር ከጭቃ ለመውጣት ካልሆነ ነክቻት አላውቅም ነበር። በእኔ ግምት ማርሽ ላስከብድ ከሚሉት አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው ያችን እጀታ መልመድ ነው። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ተጠቀምኩባት፤ ዳገቱ ላይ ያለ ሽታ ወጣሁ። ጥርሶቹን ያስቀየርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥራዬ በየሳምንቱ ድንጋይ ለድንጋይ መውጣትና መውረድ ስለሆነ። ጎንደር ውስጥ አላገኘኋቸውም፤ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ደረሱኝ።

ዲፈረንሺያሉን ብቻ በመቀየርም ማክበድ ይቻላል። ነገር ግን የፊቱና የኋላው እኩል መቀየር አለባቸው፣ አስፋልት ላይም በሁሉም ማርሽ ሞተሩ ይጮኻል። የሳጥኑ ጥርስ ጫና የሚያደርገው በዋነኛነት በዝቅተኛው ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው ግን አልልም፤ ከፍተኛውም በ12 በመቶ ያህል ይከብዳል። ወደ አዘዞ ስወርድ አምስተኛ ማርሽ አራተኛ ተኩል የሆነ ይመስለኛል። ትልልቅ ጎማ ያስገባ ሰው ግን ደስ ይለዋል፤ ትልቅ ጎማ ማርሹን ስለሚያቀልለው አንዱ ሌላውን ያቻችላል።

ለደምቢያ ዋልካ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ልንገራችሁ። ዋልካ በዝናብ ሲርስ የሚያስፈልገው ጥርሱ የጠለቀ ጎማና ሳይቆሙ መንዳት ነው። እዚያ በከባድ ማርሽ የገባ ሰው ጎማው ባለበት ሲዞር ጉድጓዱን ራሱ ይቆፍራል።

ሌላው ነገር ብረቱ ነው። ጎማው ላይ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ ጎማው ድንጋይ መሃል ተቀርቅሮ ነዳጅ የረገጠ ሾፌር የሚሰብረው የጎማውን ዘንግ ወይም ሳጥኑን ከሻንሲው ጋር የያዙትን ክንዶች ነው። በዝቅተኛው አቀማመጥ የፊትና የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ ስለሚታሰሩም ደረቅ አስፋልት ላይ አይነዳም፤ በመታጠፊያ ላይ ብረቱ ይወጣጠራል።

ቁልቁለቱ ላይ ያለው ጥቅም ከዳገቱ ይበልጥብኛል። ሊማሊሞን በከባድ ማርሽ የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ምክንያቱን ያውቀዋል፤ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ሲሆን ፍሬኑ አይግልም። ፍሪሲዮን መርገጥ ግን ሞተሩን ከጎማው መለየት ነውና ክልክል ነው።

የራሳችሁን መኪና መለካት ከፈለጋችሁ ሜዳ ላይ በ10 ሜትር ርቀት ሁለት ድንጋይ አስቀምጡ። አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ እግራችሁን ከሁሉም አንሱ፣ ቁጠሩ። ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር የእኔዋ በከፍተኛው 7 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል፣ በፋብሪካው ዝቅተኛ 11። በአዲሱ ጥርስ 20 ሰከንድ፤ በሯን ከፍቼ ወርጄ አጠገቧ ስሄድ እየቀደምኳት ቆሜ እጠብቃታለሁ።