«አዲስ ሕግ ወጣ አሉ»፦ በአሜሪካ ኢሚግሬሽን ወሬ ውስጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች እና እውነታው

ኬዙን የሚጠብቅ ሰው ወሬ ይርበዋል። ከመንግሥት የሚመጣው ደብዳቤ ብርቅ ነው፤ «ሰማህ ወይ?» የሚል መልእክት ግን በየሰዓቱ ይደርሰዋል። ይህ ሁሉ ፈጠራ ነው ማለት አይደለም። አብዛኛው ወሬ ለአንድ ሰው፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ፎርም ላይ እውነት የነበረ ነው። ስህተት የሚሆነው ከዚያ ተነቅሎ ለሁሉም ሲታደል ነው። ከታች ያሉት ደጋግመው የሚሰሙት ናቸው፤ ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ሕጉ ወጥቷል፤ 7 ዓመት የኖረ ሁሉ ግሪን ካርድ ያገኛል»

ሞተ ሲባል የሚነሣ ወሬ ነው፤ መነሻ ግን አለው። «ሬጅስትሪ» የሚባለው የቆየ የሕግ አንቀጽ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1972 በፊት አሜሪካ ገብቶ ሳይወጣ የኖረ ሰው ግሪን ካርድ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ይህ ቀን በ1986 ከተወሰነ ወዲህ አልተነካም። ከ2022 ጀምሮ ቀኑን በ7 ዓመት ኑሮ የሚተካ ረቂቅ ለኮንግረስ በተደጋጋሚ ቀርቧል። መቅረቡ እውነት ነው፤ መጽደቁ ግን ወሬው የጨመረው ነው።

ረቂቅ ሕግ የሚሆነው የተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔቱ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አጽድቀው ፕሬዚዳንቱ ሲፈርምበት ነው። ሴኔት ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ ብዙውን ጊዜ ከ100 አባላት የ60ውን ድምፅ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ረቂቅ ደግሞ እዚያም ሳይደርስ ኮሚቴ ውስጥ ይቀራል። የአንድ ኮንግረስ ዕድሜ 2 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ያላለቀ ረቂቅ አብሮ ይወድቃል፤ ቀጣዩ ኮንግረስ ከፈለገው በአዲስ ቁጥር ከመጀመሪያው ይነሣል።

ግራ የሚያጋባን «ሕግ» የምንለው ነገር ብዛት ነው። የመሥሪያ ቤት ደንብ፣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ፣ የፍርድ ቤት እግድ፣ ሁሉም በወሬ ቋንቋ «ሕግ» ናቸው፤ አካሄዳቸው ግን ለየቅል ነው። ደንብ ሲሆን መጀመሪያ እንደ ሐሳብ በፌዴራል ሬጅስተር፣ ማለትም በመንግሥቱ ይፋዊ ጋዜጣ፣ ይታተማል፤ ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ወይም ለ60 ቀን አስተያየት ይሰጥበታል፤ ከዚያ የመጨረሻው ጽሑፍ ሥራ ከሚጀምርበት ቀን ጋር ይወጣል። አስተያየት ሳይጠበቅ በዚያው ቀን የሚጀምርም አለ፤ ስለዚህ መፈለግ ያለበት «የሚጸናበት ቀን» የሚለው መስመር ነው። የፕሬዚዳንት አዋጅ ሲሆን ዋናው ቁም ነገር ያለው መጨረሻ አካባቢ በተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች ላይ ነው፤ ስክሪንሾት የሚነሣው ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያው ገጽ ነው።

«ዳኛ አገደው፤ ተገላገልን» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 27 ቀን 2025 በሰጠው ውሳኔ አንድ የወረዳ ዳኛ መላ አገሪቱን የሚያዳርስ እግድ የመስጠት ሥልጣኑን አጥብቧል። ከዚያ ወዲህ እግድ በወጣ ቁጥር የሚጠየቀው «ማንን ይሸፍናል?» ነው። ከሳሾቹን ብቻ? የአንድ ማኅበር አባላትን? ወይስ በጋራ ክስ የተካተተውን ሁሉ?

«ወርክ ፐርሚት ቢያልቅም 540 ቀን በራሱ ይራዘማል»

ያረጀ እውነት ማለት ይህ ነው። እድሳቱን በጊዜው ላስገቡ የተወሰኑ ምድቦች ይህ ማራዘሚያ ነበረ። በኦክቶበር 30 ቀን 2025 እና ከዚያ በኋላ የገባ እድሳት ግን በሕግ ወይም በቲፒኤስ (አገራቸው ችግር ላይ ላለ ሰዎች የሚሰጥ ጊዜያዊ ከለላ) ማስታወቂያ ካልተፈቀደለት በቀር አውቶማቲክ ማራዘሚያ የለውም። ከዚያ በፊት ያስገባ ሰው ያገኘውን አያጣም። ስለዚህ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ካርድ ይዘው አንዱ እየሠራ ሌላው ሥራ ሊያቆም ይችላል፤ ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው።

የሚወስነው ማመልከቻው የደረሰበት ቀን ነው፤ ፖስታ ቤት የሰጡበት ቀን አይደለም። እሱም አይ-797 በሚባለው የመረከቢያ ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። እድሳት ካርዱ ከማለቁ እስከ 180 ቀን ቀድሞ ማስገባት ስለሚቻል የመጨረሻውን ወር የሚጠብቅ ሰው በሥራው ይቆምራል።

«ከእኔ በኋላ ያስገባው ወጣለት፤ የእኔ ፋይል ጠፍቷል»

ኬዝ የዳቦ ሰልፍ አይደለም። ፋይሎች በፎርም ዓይነት፣ በምድብ እና በቢሮ ተከፋፍለው ይሠራሉ፤ የአንዱ የጀርባ ማጣሪያ በሳምንት ሲያልቅ የሌላው ወራት ይፈጃል። ዩኤስሲአይኤስ፣ ማለትም ማመልከቻዎቹን የሚያየው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ በድረ ገጹ የሚያወጣው የጊዜ ግምትም የቀጠሮ ቀን አይደለም፤ ካለቁት ኬዞች 80 በመቶው በዚያ ጊዜ ውስጥ ማለቃቸውን ብቻ ነው የሚናገረው። ከአምስት አንዱ ከዚያ በላይ ቆይቷል ማለት ነው። በዚያው ገጽ ላይ ፋይልህ የገባበትን ቀን ስታስገባ «ከዚህ ቀን በኋላ መጠየቅ ትችላለህ» የሚል መልስ ይሰጥሃል። ከዚያ ቀን በፊት የሚላክ ጥያቄ «ገና በመደበኛው ጊዜ ውስጥ ነህ» ከማለት የተለየ መልስ አያመጣም።

በመረከቢያ ደብዳቤው ላይ ያለውን የኬዝ ቁጥር፣ የረሲት ቁጥር የሚባለውን፣ እየቆጠሩ «አጠገቤ ያለው ቁጥር አፕሩቭ ሆነ» ማለትም ብዙ አያስኬድም። በቀድሞው ቁጥር ከሦስቱ ፊደላት ቀጥሎ ያሉት 2 አኃዞች የበጀት ዓመቱን፣ ተከታዮቹ 3 የሥራ ቀኑን፣ የመጨረሻዎቹ 5 ተራውን ያሳዩ ነበር። «አይኦኢ» ብሎ የሚጀምረው የኤሌክትሮኒክ ቁጥር ግን በዚህ መንገድ አይፈታም። አካውንት ላይ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ጽሑፉ እንዳለ ሲቀርም ፋይሉ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ተዛውሮ ወይም ሲስተሙ ታድሶ ሊሆን ይችላል። ድግስ መደገስ አያስፈልግም።

«ኤምባሲው ሪፊውዝድ ይላል፤ ተከልክያለሁ»

ብዙ ሰው በከንቱ የሚያለቅስበት ቦታ ነው። ከኢንተርቪው በኋላ ሰነድ ከጎደለ ወይም ተጨማሪ ማጣራት ካስፈለገ ኬዙ በአንቀጽ 221 ንኡስ ክፍል ጂ ይያዛል። ይህ በሕጉ አነጋገር ክልከላ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ «ሪፊውዝድ» የሚል ቃል ይወጣል፤ ኬዙ ግን ገና በሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚነግርህ በእጅህ የተሰጠህ ወረቀት ነው። ስለ ወረቀቱ ቀለም ብዙ ይወራል፤ ቀለሙ ከኤምባሲ ኤምባሲ ስለሚለያይ ምልክት የተደረገባቸውን ሳጥኖች ማንበብ ይሻላል። የተጠየቀ ሰነድ ካለ ለማቅረብ 1 ዓመት አለህ። ዓመቱ ካለፈ ግን እንደገና ማመልከትና እንደገና መክፈል ይመጣል።

«አርኤፍኢ ከመጣ አበቃ»

አርኤፍኢ ተጨማሪ ማስረጃ መጠየቂያ ደብዳቤ ነው። ባለሥልጣኑ ለመከልከል ከወሰነ የሚልከው ሌላ ደብዳቤ አለ፤ ስለዚህ አርኤፍኢ በሩ አለመዘጋቱን ያሳያል። የሚያበላሸው አመላለሱ ነው። የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 12 ሳምንት ሲሆን በፖስታ ለተላከ ጥቂት ቀን ይጨመርበታል፤ ማራዘሚያ አይሰጥም። መልሱ በቀነ ገደቡ መድረስ አለበት፤ በዚያ ቀን ፖስታ ቤት መግባቱ ዋጋ የለውም። ሌላው ወጥመድ «ያለኝን አሁን ልላክ፣ ቀሪውን በኋላ» ማለት ነው። ከፊል መልስ ሲደርሳቸው ባለው ይወሰን እንዳልክ ይቆጠራል። ሁሉም አንድ ላይ ይላካል፤ የአርኤፍኢው ዋናው ወረቀት ከላይ ይሆናል።

በዚህ አጋጣሚ፦ «ትርጉም በኖታሪ ካልተረጋገጠ አይቀበሉም» የሚለው ለዩኤስሲአይኤስ አይሠራም። የሚፈለገው ተርጓሚው ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን፣ ሁለቱን ቋንቋዎች ለመተርጎም ብቁ መሆኑን ጽፎ መፈረሙ ነው። ለኖታሪ ገንዘብ አውጥቶ ይህችን አንቀጽ የረሳ ሰው አርኤፍኢ ይመጣበታል።

«ፋይሉ ተመለሰ፤ ዲናይ አደረጉኝ»

ተመለሰ ማለት አልተቀበሉትም እንጂ አይተው አልከለከሉትም። ፊርማ ሲጎድል፣ ክፍያ ሲሳሳት፣ ወይም ፎርሙ የድሮ እትም ሲሆን ፖስታው እንዳለ ይመለሳል። እትሙ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ በቀን ተጽፏል፤ የአንዱን ገጽ ከሌላ እትም መቀላቀልም ያስመልሳል። ከዓመት በፊት የተላከልህን ፒዲኤፍ ከመሙላት በዚያው ቀን ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ማውረድ ይሻላል። የ«መኒ ኦርደር ላክ» ምክርም ጊዜው አልፎበታል፦ ከኦክቶበር 28 ቀን 2025 በኋላ ዩኤስሲአይኤስ በወረቀት ለሚገቡ ፎርሞች፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ቼክና መኒ ኦርደር አይቀበልም። በካርድ ለመክፈል ጂ-1450፣ በአሜሪካ ባንክ ሂሳብ ለመክፈል ጂ-1650 የተባሉት ፎርሞች አብረው ይገባሉ።

የተመለሰ ፋይል ቀን አይዝልህም። ቀነ ገደብ ላለበት ሰው ጉዳቱ ትልቅ ነው፤ ለምሳሌ የጥገኝነት ማመልከቻ በመደበኛው አሜሪካ ከገቡ በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት።

«ቪዛ ቡለቲን ወደፊት ሄዷል፤ ሁላችንም ደረሰን»

ቡለቲኑ የቪዛ ወረፋ የት እንደደረሰ የሚያሳይ፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ የሚያወጣው ሰነድ ሲሆን ለቤተሰብም ለሥራም ሁለት ሁለት ሰንጠረዥ አለው። አንዱ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ በመጨረሻ የሚሰጥበትን ቀን፣ ሌላው ሰነድ ማስገባት የሚቻልበትን ቀን ያሳያል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ስለሚሄድ ለደስታ ስክሪንሾት የሚመረጠው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሆኖ የሚያመለክት ሰው በዚያ ወር የትኛውን እንደሚጠቀም የሚወስነው ዩኤስሲአይኤስ ነው፤ ውሳኔውን በየወሩ በራሱ ገጽ ላይ ያወጣል።

በሰንጠረዡ ላይ ካለው ቀን ጋር የሚነጻጸረው ፕራዮሪቲ ዴትህ፣ ማለትም ወረፋ የያዝክበት ቀን ነው፤ በቤተሰብ ኬዝ ይህ አይ-130 የተባለው የቤተሰብ መጥሪያ ፎርም የገባበት ቀን ነው እንጂ የጸደቀበት አይደለም። የአንተ ቀን ከተጻፈው ቀን ቀድሞ መገኘት አለበት፤ እኩል ከሆነ አልደረሰም። «ሲ» ካለ ለምድቡ ወረፋ የለም፤ «ዩ» ካለ በዚያ ወር አይሰጥም። የዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ ያላገባ ከ21 ዓመት በታች ልጅ፣ እና ዕድሜው 21 የሞላው ዜጋ ወላጅ ቁጥር ስለማይገደብላቸው ቡለቲኑ አይመለከታቸውም። ቀኑ ወደ ኋላ ሲመለስም ሴራ የለበትም፦ የበጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ስለሚያልቅ፣ ጠያቂው ከቀረው ቁጥር ሲበልጥ በተለይ በበጀት ዓመቱ የመጨረሻ ወራት ፍሬን ይያዛል፤ ኦክቶበር 1 አዲስ ቁጥር ይከፈታል።

«ዲቪ ደርሶኛል፤ ኢሜይል ላኩልኝ»

የአሜሪካ መንግሥት «ተመርጠሃል» ብሎ ኢሜይል አይልክም። መመረጥ የሚታወቀው የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ ኦፊሴላዊው የዲቪ ገጽ ላይ በመግባት ብቻ ነው፤ አድራሻው «ነጥብ ጎቭ» ብሎ ያልቃል። ቁጥሩ ከጠፋም እዚያው በስም፣ በልደት ቀንና በኢሜይል ማስመለስ ይቻላል። ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ነጻ ነገር እየሸጠ ነው።

መመረጥም ቪዛ አይደለም። ሕጉ በዓመት ከ55,000 በላይ አይፈቅድም፤ ሌሎች ሕጎች ከዚያ ላይ ስለሚቀንሱ በእጅ የሚገባው ያንሳል፤ የሚመረጠው ግን ብዙ ጊዜ ከ100,000 ይበልጣል። ስለዚህ ተራ ቁጥር ወሳኝ ነው። ቡለቲኑ ለአፍሪካ 30,000 ካለ 29,999 ደርሷል፣ 30,000 አልደረሰም። ሴፕቴምበር 30 እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ያልተሰጠ ቪዛ ወደ ቀጣዩ ዓመት አይሻገርም፤ ኬዙ በማን ጥፋት እንደዘገየ የሚጠይቅ የለም።

«ግሪን ካርዴ አለቀ፤ ወረቀት አልባ ሆንኩ»

የ10 ዓመቱ ካርድ ሲያልቅ የሚያልቀው ፕላስቲኩ ነው፤ ቋሚ ነዋሪነቱ ይቀጥላል። ያለ ካርድ መጓዝና ሥራ መቀጠር ስለሚያስቸግር አይ-90 በተባለው ፎርም ይታደሳል። የ2 ዓመቱ ካርድ ግን ሌላ ነገር ነው። በጋብቻ የተሰጠ ከሆነ አይ-751 የተባለው፣ በካርዱ ላይ ያለውን ገደብ የማስነሻ ፎርም ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልገባ ነዋሪነቱ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። «እኔ ሳላድስ ሦስት ዓመት ኖርኩ» የሚል ሰው ስትሰማ የትኛውን ካርድ እንደያዘ ጠይቅ።

«የዜግነት ፈተናው 100 ጥያቄ ነው»

ኤን-400 የተባለው የዜግነት ማመልከቻ ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 በፊት ለገባለት አዎ፤ 10 ይጠየቃል፣ 6 ከመለሰ ያልፋል። በዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ ለገባለት የጥያቄው ብዛት 128 ነው፤ እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። የድሮው ፒዲኤፍ አሁንም በብዛት ይዘዋወራል።

«ማረጋገጫ ይሁናችሁ ብዬ ደብዳቤውን ለጠፍኩት»

የረሲት ቁጥር ያለው ማንም ሰው ኬዝህ የት እንደደረሰ ማየት ይችላል። የዲቪ ማረጋገጫ ቁጥር ከስምና ከልደት ዓመት ጋር ከወጣ ደግሞ ውጤትህን ሌላ ሰው ቀድሞ ያየዋል፤ በዚያ መረጃ ገንዘብ የሚያስከፍሉም አሉ። ደብዳቤ ማጋራት ካስፈለገ የረሲት ቁጥሩ፣ ኤ-ቁጥሩ (የኢሚግሬሽን የግል መለያ ቁጥር)፣ ስሙ፣ አድራሻው፣ የልደት ቀኑና ባርኮዱ ይሸፈኑ። የስልኩ ማድመቂያ ብዕር ብርሃን ሲጨመርበት ከሥሩ ያለውን ሊያሳይ ስለሚችል በጠጣር ቀለም መሸፈን፣ ወይም የማያስፈልገውን ክፍል ጨርሶ ቆርጦ ማውጣት ይሻላል። መቼ እንደገባ፣ ምን ፎርም እንደሆነ፣ የትኛው ቢሮ እንደያዘው ቢታይ ይበቃል፤ ለሌላው አመልካች የሚጠቅመውም ይኸው ነው።