አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ይዘጋ ወይስ ይቆይ የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ተመሳሳይ አባባሎች ይደመጣሉ። ከሚዘወተሩት ጥቂቶቹን እንመልከት።

«የሚጠቅመው የግል አውሮፕላን ላላቸው ባለጸጎች ብቻ ነው።»

ቀን ቀን በሜዳው ላይ ቆመው የሚታዩት የግል አውሮፕላኖች በመሆናቸው አባባሉ እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ የማረፊያው ዋና ጥቅም የሚታየው ብዙ ጊዜ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። በሌሊት ደም የሚፈሳት ወላድ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ሲኖርባት፣ አምቡላንሱ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ተጠግቶ ቃሬዛው ይተላለፋል፤ በብዙ ማረፊያዎች ደግሞ ተረኛ ሠራተኛ ባይኖር እንኳ አብራሪው ገና በአየር ላይ ሳለ የሬዲዮውን ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን የመንደርደሪያውን መብራት ራሱ ማብራት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1928 በአውስትራሊያ፣ በክሎንከሪ ከተማ የተጀመረው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት እስከ ዛሬ የሚሠራው፣ ርቀው በሚኖሩ ሰዎች አቅራቢያ አውሮፕላን የሚያርፍበት የተደለደለ ቦታ በመኖሩ ነው።

«ለዚያስ ሄሊኮፕተር ይበቃል።»

ለአጭር ርቀት አዎን። ርቀቱ ሲጨምር ግን ሄሊኮፕተር በፍጥነትም ሆነ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ በሚጓዘው መንገድ ከአውሮፕላን ያንሳል።

«ረጅም መንደርደሪያና ትልቅ ተርሚናል ከሌለው ማረፊያ አይባልም።»

በኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ከተሞችን የሚያገናኙ በርካታ ማረፊያዎች 800 ሜትር ገደማ በሆነ መንደርደሪያ መደበኛ የመንገደኞች በረራ ያስተናግዳሉ። በስኮትላንድ ባራ ደሴት ደግሞ አውሮፕላኑ የሚያርፈው በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ስለሆነ፣ የበረራው ሰዓት የሚወጣው ውኃው የሚሸሽበት ጊዜ ታይቶ ነው።

«ወጪውን የማይሸፍን ማረፊያ ኪሳራ ነው።»

ከማረፊያ ክፍያና ከነዳጅ ሽያጭ የሚገኘው ገቢ ብዙ ጊዜ ወጪውን እንደማይሸፍን እውነት ነው። ሆኖም የገጠር መንገድ በዓመቱ መጨረሻ ስንት አተረፈ ተብሎ ሲጠየቅ አልሰማንም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የአየር መንገዶችን ገበያ ነፃ ስታደርግ፣ ኩባንያዎቹ ትናንሽ ከተሞችን ጥለው እንዳይሄዱ በመስጋት ለእነዚህ መስመሮች ድጎማ የመደበችው በዚሁ ምክንያት ነው። እርግጥ ነው፣ ጥሩ መንገድ ያለውና ለትልቅ ማረፊያ ቅርብ የሆነ አካባቢ ያንኑ ድጎማ ቢጠይቅ ጥያቄው ደካማ ነው፤ ሊነጻጸር የሚገባው ማረፊያው የሚጠይቀው ወጪ እርሱ ባይኖር ሰዎች ከሚያጡት ጊዜና ሕክምና ጋር ነው።

«ማረፊያው ካለ ባለሀብቱ ተከትሎ ይመጣል፤ ስለ ድምፅ የሚያማርሩትም እድገት የማይወዱ ናቸው።»

ይህ ደግሞ የደጋፊዎቹ ስህተት ነው። መንደርደሪያ ለመምጣት ምክንያት ያለውን ያቀርባል እንጂ ምክንያቱን አይፈጥርም። የጎረቤቶች ቅሬታም ተጨባጭ ነው፤ ተማሪ አብራሪዎች መነሣትና ማረፍ ለመለማመድ በአንድ ሠፈር አናት ላይ ደጋግመው ይዞራሉ፣ ብዙዎቹ ባለ ፒስተን አውሮፕላኖችም ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ያለበት ነዳጅ ሲያቃጥሉ ቆይተዋል። የልምምድ ሰዓትን መወሰንና የዙረቱን አቅጣጫ መቀየር ከብዙ ሙግት ያድናል።

«ብንዘጋውም ሲያስፈልገን መልሰን እንከፍተዋለን።»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። መንደርደሪያ አስፋልት ብቻ አይደለም፤ በሁለቱም ጫፎቹ በኩል ረጅም ሕንፃና ምሰሶ የማይተከልበት ነፃ የአየር መስመር ያስፈልገዋል። ማረፊያው ተዘግቶ ጥበቃው ከተነሳ በኋላ መስመሩ በቤት ይሞላል። በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ፣ በሐይቅ ዳር የነበረው ሜግስ ፊልድ የተባለ ማረፊያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 መጨረሻ በአንድ ሌሊት በከንቲባው ትእዛዝ በዶዘር ተቆፈረ፤ በዚያ ያደሩት አውሮፕላኖች በኋላ የወጡት ከመንደርደሪያው ጎን ካለው መተላለፊያ ላይ ተነሥተው ነው። ከተማዋ 33,000 ዶላር ተቀጣች፤ ቦታው ግን ዛሬ መናፈሻ ነው።