ሁሉም ደብተር ላይ ዓሣ መሳል ትምህርት ማቀናጀት አይደለም

ሐዋሳ ውስጥ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን ሥልጠና ስሰጥ የማይቀርልኝ አንድ ነገር አለ። ሻይ ሰዓት ላይ አንዱ ይመጣና «ይሄን ጭብጥ ተኮር የምትሉትን እኛ ድሮም እንሠራዋለን» ይለኛል። ዕቅዱን ሳየው ዓሣ ነው። ቋንቋው ዓሣ፣ ሒሳቡ ዓሣ፣ ሥዕሉ ዓሣ፣ መዝሙሩ ዓሣ። እውነት ለመናገር ታክቶኛል። ነገሩ ለማይገባው ባጭሩ፦ አንድ ጭብጥ ይዞ የተለያዩ ትምህርቶችን ለሁለት ለሦስት ሳምንት አያይዞ ማስተማር ማለት ነው። አሁን ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ልዘርግፋቸው።

«አዲስ የመጣ የፈረንጅ ፋሽን ነው።»

ፈረንጆቹም ዘንድ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዱዊ ቺካጎ ላይ ልጆች እያበሰሉና እየሸመኑ ሒሳብና ሳይንስ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። እኛም አገር ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የመጣው አካባቢ ሳይንስ ራሱ የተቀናጀ ትምህርት ነው። ስንቶቻችን ነን እሱን ተምረን ያደግነው!

«ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ብቻ ነው የሚሆነው።» አይደለም። እንዲያውም ልጆቹ መለካትና መጻፍ ሲችሉ ነው የሚጣፍጠው።

«ጭብጡ በሁሉም ትምህርት ውስጥ ከታየ ተቀናጅቷል።»

ዋናው በሽታ ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። አንድ ጊዜ አራተኛ ክፍል ገብቼ ቁጭ ብያለሁ። ጭብጡ ዓሣ ነው ተብሏል። ሒሳብ ላይ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው «5 ቆሮሶ ሲደመር 3 ቆሮሶ» ነው። አራተኛ ክፍል እኮ ነው! አምስትና ሦስት መደመርን አንደኛ ክፍል ጨርሰው የመጡ ልጆች ናቸው። ቆሮሶ ስለገባበት ሒሳቡ ከፍ አላለም፤ ጭራሽ ልጆቹን ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መለሳቸው። ቀጥሎ ሥዕል ሆነ። ከኢንተርኔት የታተመ ብርቱካናማና ነጭ ዥንጉርጉር ዓሣ ታደለና ቀለም ቀቡ ተባሉ። አባቱ ዓሣ አስጋሪ የሆነ አንድ ልጅ ወረቀቱን አገላብጦ አየውና «ቲቸር፣ ይሄ እኛ ሐይቅ ውስጥ የለም» አለ። «ዝም ብለህ ቀባ» ተባለ። በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ሳይንስ የሚባለው የእሱ ንግግር ብቻ ነበር፤ እሱም ተዘጋ።

ያ ልጅ የተናገረውን ይዞ መሄድ ይቻል ነበር። ታዲያ የእኛ ሐይቅ ውስጥ ያለው የትኛው ነው? ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ አምባዛ የለውም፣ አምባዛ ጢም አለው፣ አየርም መተንፈስ ይችላል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት የሄደ ሰው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያያቸዋል። ልጆቹ ራሳቸው ሊመድቧቸው፣ ምክንያታቸውን ሊጽፉ፣ ሊከራከሩ ይችላሉ።

ዕቅድ ስታወጡ «ዓሣ»፣ «ውኃ»፣ «ቤተሰብ» ብላችሁ በስም ብቻ አትጀምሩ። መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ፈልጉ። እኔ ሐዋሳ ላይ የምወደው ይሄን ነው፦ ጥቁር ውኃ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፣ ታዲያ ውኃው የት ይሄዳል? እዚህ ተወልደው ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ላይ ሲሮጡ ያደጉ ልጆች ይሄን አስበውት አያውቁም። ብዙ አዋቂም አላሰበውም። መልሱ ትነት ነው፣ የተወሰነው ደግሞ በመሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ ሐይቁ መውጫ ሳይኖረው ጨዋማ ያልሆነውም በዚሁ ስርገት እንደሆነ ይታመናል።

አሁን ትምህርቶቹ በየተራ ሥራ ያገኛሉ። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ቁረጡ፣ እኩል ውኃ ጨምሩ፣ አንዱን በላስቲክ ሸፍናችሁ ሁለቱንም መስኮት ላይ አስቀምጡ። ልጆቹ በየቀኑ በማስመሪያ ሚሊ ሜትሩን ይለኩና ይመዘግባሉ፣ መጨረሻ ላይ ግራፍ ይሠራሉ። ይሄ የደረጃቸው ሒሳብ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ይሄን ስናሠራ አንዲት ልጅ የተሸፈነውን ጠርሙስ አንስታ ላስቲኩን ከሥር አየችው። ጠብታ አቁሯል። «ሊወጣ ፈልጎ ነው» አለች። እኔ ግማሽ ሰዓት ባብራራ ይሄን ያህል አይገባቸውም ነበር። ቋንቋ ላይ ደግሞ ያደረጉትን በቅደም ተከተል ይጽፋሉ፣ ሐይቁ ዳር የኖሩ አዛውንት ጋብዘው ድሮ ውኃው እስከ የት ይደርስ እንደነበር ይጠይቃሉ። ካርታ ይሳላል። አለቀ።

መዝሙርስ? የለም። ስለ ትነት መዝሙር ካላገኛችሁ አትድከሙ። የማባዛት ሠንጠረዥስ? እሱ በራሱ ሰዓት ለብቻው ይቀጥል፣ ጥቁር ውኃ ውስጥ አትንከሩት። ሁለት ሦስት ትምህርት በደንብ ከተያያዘ ይበቃል፤ ሁሉንም ለማግባት ስትታገሉ ነው 5 ቆሮሶ ሲደመር 3 ቆሮሶ የሚመጣው።

ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ። መጀመሪያ መርሐ ትምህርቱን ግለጡና በእነዚያ ሳምንታት ልጆቹ ምን ማወቅ እንዳለባቸው አስምሩበት። ከዚያ ጥያቄውን ምረጡ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ምን ሠርተው እንደሚያሳዩ ወስኑ። የክፍል ውስጥ ሥራው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አብዛኛው ሰው ከሥዕሉ ይጀምርና ዓላማውን በኋላ ፈልጎ ይለጥፍበታል፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ደግሞ ዕቅዱ በጣም ያምራል።

«የአካባቢውን ባህል ማስገባት ማለት ባህላዊ ልብስ አልብሶ ማስጨፈር ነው።»

ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ የማየው ይሄን ነው። ጭፈራው ይሁን፣ ማን ይጠላል። ግን በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ቀኑንም የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉት የሰማይ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ነው። ከዚህ በላይ ምን ጥያቄ ትፈልጋላችሁ? ሰማይ አይቶ ቀን እንዴት ይታወቃል? ጨረቃን ለአንድ ወር በየማታው አይተው ቅርጿን እንዲስሉ የቤት ሥራ ስጧቸው፣ የቀን መቁጠሪያውን ከዚያ አስተምሩ። የሲዳማ ልጅ አያቱን ይጠይቅ፣ የወላይታውና የጉራጌውም የየቤታቸውን ዘመን መለወጫ ጠይቀው ይምጡ።

«ጊዜ ይፈጃል፣ መጽሐፉ አያልቅም።»

መጽሐፉ ሳይቀናጅም አያልቅም፣ እንዋደድ ከተባለ። መለካትን ሒሳብ ላይ አስተምራችሁ ሳይንስ ላይ እንደገና ከዜሮ የምታስተምሩት እኮ እናንተው ናችሁ። አንድ ላይ ሲሆን ያ ሰዓት ይተርፋል። አንድ መምህር ሁሉንም ካላስተማረ አይሆንም የሚሉም አሉ። የሳይንሱና የቋንቋው መምህር አርብ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው ካወሩ ይሆናል። ያንን ግማሽ ሰዓት ርዕሰ መምህሩ ፕሮግራም ላይ ያስገባላችሁ፤ በትርፍ ጊዜያችሁ እንዳይሆን፣ በትርፍ ጊዜ የተባለ ነገር አይሠራም።

«ሽርሽር ካለበት ጭብጥ ተኮር ነው።» ሐይቁ ዳር ሄዶ ፎቶ ተነሥቶ፣ ትኩስ ዓሣ በዳቦ በልቶ መመለስ ሽርሽር ነው። ደስ ይላል፣ ግን ሽርሽር ነው። ጉዞውን ለመጨረሻ ቀን እንደ ሽልማት ከምታስቀምጡት መጀመሪያ ሳምንት ላይ አድርጉት፤ እያንዳንዱ ልጅ ፈልጎ የሚያመጣው አንድ ነገር ይኑረው።

«ማርክ እንዴት ይሰጣል?» በየትምህርቱ ነዋ። ግራፉ በሒሳብ ይታረማል፣ ጽሑፉ በቋንቋ፣ ማብራሪያው በሳይንስ። ግራፉ ስላማረ ብቻ ሦስቱም ላይ 10 ከ10 አይሰጥም።

በመጨረሻ «ዝግጁ ዕቅድ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል» የሚሉኝ አሉ። ሞልቷል። አራቱ ወቅቶች የሚል ዕቅድ ተርጉሞ ያስተማረ ሰው አውቃለሁ፣ ከጥጥ የበረዶ ሰውዬ ያሠራ፣ ካሮት አፍንጫ ያለው። የሐዋሳ ልጅ በረዶ የሚያውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። እነዚያን ዕቅዶች ማየት አይከፋም፤ የጊዜ አመዳደባቸውን ውሰዱ፣ የምዘና ሠንጠረዣቸውን ውሰዱ፣ ሰውዬውን ግን እዚያው ተዉት።