ሰርጅ ምንድን ነው? ፓወር ሰፕላይስ ለምን ይቃጠላል?

ጎንደር ውስጥ ክረምቱ ሲበረታ፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ጠዋት ሲከፈቱ ደጋግሞ የሚሰማ ቅሬታ አለ፤ «ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ አንዴ ጧ አለና ዝም አለ» የሚል ነው። ማሽኑ ለጥገና ሲመጣ ምክንያቱ በአንድ ቃል ይደመደማል፤ ሰርጅ መታው ይባላል። ይህ ቃል ለማንኛውም ዓይነት ቃጠሎ መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል፤ ነገር ግን በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ አደጋዎች ናቸው፤ ከአንዱ የሚያድነው ዕቃም ከሌላው አያድንም። ልዩነቱን ባለማወቅ መከላከያ ገዝተው፣ ተማምነውበት፣ ማሽናቸውን ያጡ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ጉዳዩ በዝርዝር ሊብራራ ይገባዋል።

በአገራችን ለመኖሪያ ቤትና ለሱቅ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የመጀመሪያው አደጋ በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮች የሚለካ፣ ነገር ግን በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሊደርስ የሚችል ቅጽበታዊ ግፊት ነው፤ መብረቅ ከመስመሩ አጠገብ ሲወድቅ፣ ወይም እንደ ወፍጮ ያለ ትልቅ ሞተር ሲጠፋ ይፈጠራል። በትክክለኛ ትርጉሙ ሰርጅ የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው መጠኑ ከዚህ እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ የሚቆይ ነው፤ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ወደ 300 ወይም ከዚያ በላይ ወጥቶ ለሰከንዶች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት እዚያው ይቀመጣል።

ሁለቱም በመጀመሪያ የሚያገኙት ፓወር ሰፕላዩን ነው። ፓወር ሰፕላይ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ገመዱ የሚሰካበት፣ የራሱ ማራገቢያ ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ሲሆን፣ ሥራውም 220 ቮልቱን ተቀብሎ ማዘርቦርዱና ሃርድ ዲስኩ ወደሚፈልጓቸው 12፣ 5 እና 3.3 ቮልቶች ማውረድ ነው። ከሶኬት የመጣው ኃይል ፊዩዙን አልፎ ወደ አራት ዳዮዶች ይደርሳል፤ እነርሱም ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ይለውጡታል፤ ከዚያም በትልቁ ካፓሲተር ላይ 310 ቮልት ገደማ ይጠራቀማል። ቁጥሩ ከ220 መብለጡ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ጫፍ ከሚጠራበት ቮልት በ1.41 እጥፍ ይበልጣልና። ከዚህ በኋላ ትራንዚስተሮች በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ ኃይሉን በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል ዝቅተኛው ቮልት ወደሚወጣበት ጎን፣ ማለትም ወደ ዝቅተኛው ጎን፣ ያሳልፉታል።

ከፊዩዙ ቀጥሎ፣ በሁለቱ የመስመር ሽቦዎች መካከል፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነ ሳንቲም መሳይ ክፍል ይቀመጣል፤ ቫሪስተር ይባላል። በተለመደው ቮልቴጅ ምንም ሳያስተላልፍ ይቆያል፤ ከተወሰነለት ጣሪያ በላይ የሆነ ግፊት ሲመጣ ግን ወዲያውኑ መንገድ ይከፍትና ትርፉን ኃይል በራሱ በኩል ያሳልፈዋል። ግፊቱ ከበረታ ራሱ ተቃጥሎ ፊዩዙን ይዞት ይሄዳል፤ በዚህም ከኋላው ያሉትን ብዙውን ጊዜ ያድናል። የሚያሳዝነው በርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ውስጥ የቫሪስተሩ ቦታ በሰሌዳው ላይ ታትሞ፣ ክፍሉ ግን ሳይበየድ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው። ከመግዛት በፊት ሳጥኑን ከፍቶ ማየት ስለማይቻል ክብደቱን በእጅ መመዘን ጥቂት ይረዳል፤ እጅግ የቀለለ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ነገር እንደጎደለው መጠርጠር ተገቢ ነው።

ጥገናው የሚጀምረው ከፊዩዙ ነው፤ ሆኖም ፊዩዝ ምስክር እንጂ በሽታ አለመሆኑን መርሳት አይገባም። የመስታወቱ ፊዩዝ ጥርት ብሎ በውስጡ ያለችው ክር ብቻ ከተበጠሰች፣ ያለፈው ኃይል መጠነኛ ነበር ማለት ነው። መስታወቱ ከጠቆረ ወይም ከውስጥ ብር በመሰለ ነገር ከተለበጠ ግን ከኋላው ሙሉ ሾርት አለ፤ በዚህ ጊዜ አዲስ ፊዩዝ ተክቶ መሰካት ሁለተኛ ፍንዳታን መጥራት ነው፤ ፊዩዙን በሽቦ መቀጠል ደግሞ ቤትን ለእሳት መስጠት ነው። የተሰነጠቀ ወይም የጠቆረ ቫሪስተር ከተገኘና ዳዮዶቹና ትራንዚስተሮቹ በመልቲሜትር ሲለኩ ጤነኛ ከሆኑ፣ ቫሪስተሩንና ፊዩዙን በተመሳሳይ ዓይነት መተካት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ትራንዚስተሮቹ ከሞቱ ግን፣ እነርሱን የሚነዳውን ክፍልና በዙሪያው ያሉትን ሬዚስተሮች ይዘው ስለሚሄዱ፣ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ ጊዜ ማባከን አይመከርም፤ በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለውን መጣልና አስተማማኝ መግዛት ይሻላል።

ሳጥኑን የሚከፍት ሰው ሊያውቀው የሚገባ ከባድ ነገር አለ። ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ትልቁ ካፓሲተር 310 ቮልቱን ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይህም ሰውን ሊገድል የሚችል ነው። ስለዚህ እጅ ከመግባቱ በፊት ካፓሲተሩን በሬዚስተር ባዶ ማድረግና በመልቲሜትር ማረጋገጥ የግድ ነው፤ በካቻቪቴ ጫፎቹን ማገናኘት ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳል። ይህን በእጁ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ሳጥኑን ባይከፍት ይመረጣል። ጥገናው ሲያልቅም ወደ ሶኬት በቀጥታ አይሰካም፤ የ60 ወይም የ100 ዋት ባለ ክር አምፖል፣ ኃይሉ በእርሱ በኩል አልፎ እንዲደርስ፣ በተከታታይ ይገጠምበታል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሾርቱ ተወግዷል፤ ደምቆ ከቀረ ግን አሁንም አለ ማለት ነው፤ ኃይሉም በአምፖሉ ስለተገደበ አዲሶቹ ክፍሎች አይፈነዱም። ከዚያም የዋናው ማያያዣ አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ ማራገቢያው መነሣት አለበት፤ በመጨረሻ አምፖሉ ተነሥቶ ሲለካ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6፣ የ5 ቮልቱም ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ውስጥ መገኘት ይኖርበታል። ያገለገሉ የዴልና የኤች ፒ ማሽኖች ማያያዣ ግን ከዚህ የተለየ ሊሆን ስለሚችል በቀለም ብቻ ተማምኖ ማገናኘት አይገባም።

በሰርጅ የሚሳበብ ሌላ ብልሽትም አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች የጠዋቱ ብርድ የታወቀ ነው፤ ጠዋት አልነሣ ብሎ፣ ደጋግመው ሲሞክሩት ቆይቶ የሚነሣ፣ ከሞቀ በኋላም ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ በዝቅተኛው ጎን ያሉት ካፓሲተሮቹ ደርቀዋል፤ ያረጀ ካፓሲተር በብርድ ጊዜ ሥራው ይበልጥ ይደክማልና። አናታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ከሆነ ምርመራው አለቀ። የሚተካው መጠኑ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችል ሆኖ፣ የኔጌቲቩ ምልክት ያለበት ጎን በቦታው መግባቱ መረጋገጥ አለበት። ከፍታው በሌላም በኩል ይነካናል፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ማራገቢያው በቆላ እንደሚያቀዘቅዘው ያህል አያቀዘቅዝም፤ በአንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ላይም ከ2000 ሜትር በታች ላለ ቦታ ብቻ መሠራታቸውን የሚያሳይ ምልክት ይታያል። በበጋ አቧራውን ማጽዳት እንግዲህ ለውበት አይደለም።

ከውጭ የመጡ ያገለገሉ ማሽኖች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ሊኖር ይችላል፤ በ115 ላይ ሳለ ወደ እኛ ሶኬት ከተሰካ ካፓሲተሮቹ ወዲያው ይፈነዳሉ። ይህ ሰርጅ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው አደጋ እንመለስ፤ ከሁሉ የከፋው እርሱ ነውና። በመንገድ ዳር ምሰሶ ላይ የሚሄደው መስመር ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሽቦዎች፣ እና አንድ ኒውትራል፣ ማለትም የጋራ መመለሻ ሽቦ፣ አለው፤ እያንዳንዱ ቤት ከአንዱ ፌዝና ከኒውትራሉ 220 ቮልት ያገኛል፤ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ በነፋስ፣ በዛፍ ወይም በላላ ማያያዣ ሲበጠስ በተለያዩ ፌዞች ላይ ያሉ ቤቶች እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ምጣድ የጣደው ቤት መብራቱ ሲደበዝዝ፣ አንድ ኮምፒውተር ብቻ የከፈተው ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ይቀበላል። ያ በዳዮዶቹ ወደ ቀጥተኛ ሲለወጥ 530 ቮልት ያልፋል፤ ትልቁ ካፓሲተር ግን ብዙውን ጊዜ የሚችለው 400 ወይም 450 ነው። ቫሪስተሩም ለቅጽበት እንጂ ለደቂቃ አልተሠራምና ይቃጠላል። በሰፈሩ የአንዱ ቤት አምፖል ከመጠን በላይ ደምቆ የሌላው ከደበዘዘ፣ ጊዜ ሳያጠፉ ዋናውን ብሬከር ማውረድ ያስፈልጋል፤ ብሬከሩ ብዙ ጭነትና ሾርት እንጂ ከፍተኛ ቮልቴጅ አይቶ በራሱ አይወርድምና።

ለዚህ አደጋ የሚሆነው ቮልቴጅን የሚከታተል መከላከያ ነው፤ ቮልቱ ከተቀመጠለት ጣሪያ ሲያልፍ ወይም ከወለሉ ሲወርድ መስመሩን ይቆርጣል፤ መብራት ሲመለስም እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ይለቃል። ስታቢላይዘር በመጠኑ የወረደውንና የወጣውን ያቃናል፤ 380 ግን ከአቅሙ በላይ ነው። ብዙ ሰው የሚይዘው ተራ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ መብራት እስካለ ድረስ የመስመሩን ኃይል ቀጥታ የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ ሥራውን ከመጥፋት እንጂ ማሽኑን ከቃጠሎ ያድናል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ለቅጽበታዊው ግፊት ደግሞ ቫሪስተር ያለው ዲቫይደር ይረዳል፤ ገበያ ላይ ካሉት ግን ብዙዎቹ ቀይ መብራትና ሽቦ ብቻ የያዙ ናቸው። እውነተኛው እንኳ ኧርዝ፣ ማለትም ትርፉን ኃይል ወደ መሬት የሚወስደው ሦስተኛ ሽቦ፣ ከሌለ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። የኮምፒውተርዎ ቆርቆሮ ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ፣ ሦስተኛው ሽቦ የትም እንዳልደረሰ ምልክት ሊሆን ይችላል። የጎንደር ምድር ባዛልት ስለሆነ የኧርዝ ዘንግ ወደ ውስጥ ለማስገባት ያስቸግራል፤ አፈሩ በጥልቀት የሚገኝበትንና እርጥበት የማይለየውን የግቢ ጥግ፣ ለምሳሌ ከቧንቧ አጠገብ ያለውን፣ መምረጥና በበጋ ውኃ ማጠጣት ዋጋ አለው።

መብረቅ ሲቀርብ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ገመዱን ከግድግዳው መንቀል ነው፤ በማብሪያው ብቻ ማጥፋት አይበቃም። ፓወር ሰፕላዩ ደህና ሆኖ የኔትወርክ መሰኪያው የነደደ ማዘርቦርድ አጋጥሞኛል፤ ባለቤቱ የመብራቱን ገመድ ነቅሎ ነበር፤ ግፊቱ የገባው በስልክ መስመሩ፣ በሞደሙ በኩል ነው። ስለዚህ ደመናው መጉረምረም ሲጀምር የስልኩም የኔትወርኩም ገመድ አብረው ይነቀላሉ።