በራሪ ሳህን፦ ከውኃ ላይ የተነሣ አነጋገር

ባለፈው ካፌ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ስለ «በራሪ ሳህን»፣ ከሌላ ዓለም መጣ ስለሚባለው በራሪ ዕቃ፣ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ ሌሊት ሰማይ ላይ ያየውን ነገር በስልኩ ያሳያል። ሌላው አየት አደረገና «ክብ አይደለማ! ክብ ካልሆነ በራሪ ሳህን አይባልም» ብሎ ዘጋው። ቡናው ትን አለኝ።

ልጆች ሆነን ወንዝ ዳር ስንውል ትልቁ ጨዋታችን ድንጋይ ውኃ ላይ ማስነጠር ነበር። የእኛ ወንዝ ድንጋይ ግን ሁሉም ድቡልቡል ነው። ስለዚህ ከቤት ገል እንሰርቃለን። የእንስራ ገል አይሆንም፤ ጎባጣ ስለሆነ አንዴ ነክቶ ይሰምጣል። የምጣድ ስባሪ ነው ደጉ። ጎንበስ ትላለህ፣ ክንድህን ወደ ጎን ትዘረጋለህ፣ በሌባ ጣትህ አሹረህ ትለቀዋለህ። ውኃውን ነካ፣ ብድግ። ነካ፣ ብድግ። ሰባት ጊዜ ያስነጠረ ያን ቀን ንጉሥ ነው። እናቴ እሳት የምትጭርበትን ገል ፈልጋ ስታጣ ንግሥናው እዚያው ያበቃል።

የበራሪ ሳህን አነጋገር መነሻ የሆነው አሜሪካዊው ኬኔት አርኖልድም የተናገረው ስለዚህ፣ ውኃ ላይ ስለ ማስነጠር ነው። ሰውየው የእሳት ማጥፊያ ዕቃ ነጋዴ ነበር፤ የራሱን ትንሽ አውሮፕላን ያበራል። ሰኔ 17 ቀን 1939 (እንደ ፈረንጆቹ ጁን 24 ቀን 1947) በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የወደቀ ወታደራዊ አውሮፕላን ሲፈልግ ነበር። ላገኘው 5,000 ዶላር ሽልማት አለ። ሬኒየር ተራራ አጠገብ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ተከታትለው ሲያልፉ አየ። እስከ አዳምስ ተራራ 102 ሰከንድ ፈጀባቸው አለ። በማግስቱ ለጋዜጠኞች ሲያወራ፣ አበራረራቸው ውኃ ላይ እንደተወረወረ የስኒ ማስቀመጫ ነው አላቸው። ጋዜጦቹ ውኃውን ትተው ዕቃውን ያዙ፤ «በራሪ የስኒ ማስቀመጫ» አሉት። ጠፍጣፋ ናቸው ማለቱ አይካድም። ለጦር ኃይሉ በሳለው ሥዕል ግን ከፊት ክብ፣ ከኋላ ሾጠጥ ያሉ ናቸው፤ የጫማ ተረከዝ ይመስላሉ። እንደ ፈረንጆቹ በ1950 ራሱ አርኖልድ በተሳሳተ መንገድ ነው የተረዱኝ ብሎ አማርሯል። ማን ይስማው? ሰዉ ክብ ክቡን ማየት ጀምሮ ነበር።

አንዳንዶች የአነጋገሩን አባት ጆን ማርቲን ያደርጉታል። እንደ ፈረንጆቹ በ1878 አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ሰማይ ላይ ትልቅ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ነገር አየሁ ያለ ገበሬ ነው። እኔ አልቀበልም። እሱ የተናገረው ስለ መጠን ነው። አርኖልድ ግን የተወለደው ሚኒሶታ ነው፤ የሐይቅ አገር። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ያ ምሳሌ ከአፉ የወጣው ከአውሮፕላኑ ሳይሆን ከልጅነቱ ነው። ማስረጃ? የለኝም። ግን ውኃ ላይ አስነጥሮ የማያውቅ ሰው ያንን ምሳሌ ከየት ያመጣዋል?

ከሌላ ዓለም መጡ የሚባሉት «ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች»ም ዕጣቸው ይኸው ነው። እንደ ፈረንጆቹ ኦገስት 1955 አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ፣ ኬሊ በምትባል መንደር፣ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ሌሊቱን ጆሯቸው ትልልቅ በሆኑ ፍጡራን ላይ ሲተኩስ አመሸ። ያየናቸው ብርማ ናቸው አሉ። ጋዜጣው አረንጓዴ ቀባቸው። (ጉጉት ነው የሚሉም አሉ።)

እኛ ደግሞ የባሰ አደረግን። የስኒ ማስቀመጫዋን ስንተረጉም አሳድገን ሳህን አደረግናት። ሳህን ውኃ ላይ ወርውራችሁ ታውቃላችሁ? ይሰምጣል። ያ የካፌው ልጅ ደግሞ በሳህኑ ሰውን ይፈትናል። በእሱ ሚዛን አርኖልድ ራሱ ወድቋል።

ቢያንስ የስኒ ማስቀመጫ በሉት።