ሁሉም ከነነዌ ይቆጠራል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በለገጣፎም በሰበታም በኮዬ ፈጬም ባሕረ ሐሳቡ (የዓመቱ የጾምና የበዓላት ቀን ስሌት) እንደታወጀ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቅበላው መቼ ነው?» የሠርግ አዳራሽ ለመያዝና ለቅርጫ በሬ ገንዘብ ለማዋጣት። ከዐቢይ ጾም በፊት ስለሚጾመው የሦስት ቀን ጾም፣ ስለ ነነዌ ግን የሚጠይቅ የለም። ወገኖቼ፣ ያለ ነነዌ እኮ ፋሲካ አይገኝም!

የ2019ን እንቁጠር። 5500 ሲደመር 2019፣ ዓመተ ዓለም 7519 ነው። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ተዉት፣ ወንበሩ (የሚቀረው ቍጥር) 13። በ19 ሲባዛ 247፤ በ30 ሲገደፍ (30ው እየተቀነሰ ትርፉ ሲያዝ) መጥቅዕ፣ ማለትም የጾምና የበዓላት መነሻ ቍጥር፣ 7 ይሆናል። ከ14 ቢበልጥ በመስከረም ይውል ነበር፤ ስላነሰ ጥቅምት 7 ዋለ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቍጥር) 8። 7 እና 8 ሲደመሩ መባጃ ሐመር የሚባለው 15 ነው፤ መጥቅዑ በጥቅምት ስለዋለ ጾመ ነነዌ ሰኞ የካቲት 15 ትገባለች። በዚያ ላይ 14 ጨምሩ፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29። 67 ጨምሩ፣ ስቅለት ሚያዝያ 22። 69 ጨምሩ፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24።

ብዙ ሰው የሚስተው ድምሩ ከ30 ሲያልፍ ነው። በ2017 መጥቅዕ መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4፣ ድምሩ 33። 30 ተገድፎ 3 ሲቀር፣ መጥቅዑ በመስከረም ስለዋለ «ጥር 3» ያለ ተሳስቷል፤ ወሩ ስለተሻገረ ነነዌ የካቲት 3 ነበረች።

«ቀኑን ካህናት እንደፈለጉ ያዛውሩታል» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉ። አበው እንዳስተማሩን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ ቍጥሩን ያገኘው በሱባኤ ነው። የሌሊቱ 23 ሱባኤ በ7 ተባዝቶ 161፣ በ30 ሲገደፍ 11፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ (የጨረቃ ስሌት መነሻ ቍጥር) ነው። የቀኑ 7 ሱባኤ በ7 ተባዝቶ 49፣ ሲገደፍ 19፤ ይህ ጥንተ መጥቅዕ ነው። እኛ በጾምና በጸሎት የተገኘውን ቍጥር ሥጋ ለመቀጠር አዋልነው። ያሳዝናል።

«የነነዌም ሰዎች እግዚአብሔርን አመኑ፤ ለጾም አዋጅ ነገሩ፥ ከታላቁም ጀምሮ እስከ ታናሹ ድረስ ማቅ ለበሱ» (ዮናስ 3፥5)። ከታላቁ እስከ ታናሹ! እነዚያ አሕዛብ ነበሩ፤ የተላከላቸውም አንድ የኮበለለ ነቢይ ነበር። ስንት ዓመት በኃጢአት ኖሬ በሦስት ቀን ምን ይሆንልኛል የምትል ወንድሜ፣ ያቺ ታላቅ ከተማ በንስሐ ድናለች፤ አንተንም አይጥልህም።

እንግዲህ የካቲት 15፣ 16 እና 17ን ከአሁኑ ያዙ። የሠርግ መልስ በእነዚህ ቀናት አታድርጉ። ፈረቃ የምትሠሩም የሥራ ሰዓታችሁን ለንስሐ አባታችሁ ነግራችሁ የጾማችሁን ሰዓት ከእርሳቸው ተቀበሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።