ፋኮ ምንድን ነው? ሌዘርስ ከየት መጣ?

«ሲስተር፣ እዚህ ሌዘር አለ?»

ሐዋሳ ውስጥ በምሠራበት የዓይን ቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ይህን ጥያቄ የማልሰማበት ሳምንት የለም። ጠያቂዎቹን አልወቅስም። እናታቸውን ወይም አባታቸውን እጅ ይዘው ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ የሰሙትን ነው የሚጠይቁት። የሚያበሳጨኝ የነገራቸው ሰው ነው። በቅርቡ በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ፋኮ ማለት ሞራን በሌዘር የሚያጠፋ ሕክምና እንደሆነ፣ ቢላዋ ዓይንን ጨርሶ እንደማይነካ፣ ስለዚህም ሰው ወላጆቹን «በቢላዋ ወደሚሠሩ ቦታዎች» እንዳይወስድ እርግጠኛ በሆነ ድምፅ ሲመክሩ ሰማሁ። ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት ያን ዕለት ማታ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የዓይን ቀዶ ሕክምና ነርስ ነኝ። ሐኪሙ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳይነቅል እጁን ሲዘረጋ መሣሪያውን መዳፉ ላይ የማስቀምጠው፣ ሥራው ሲያልቅም የማጥበው እኔ ነኝ። የፋኮን መሣሪያ በየሥራ ቀኑ እይዘዋለሁ። ከውስጡ የሌዘር ጨረር ሲወጣ አይቼ አላውቅም፤ ሊወጣም አይችልም።

ፋኮ የሚሠራው በንዝረት ነው። ቃሉ የመጣው «ፋኮስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ምስር ማለት ነው፤ የዓይን ሌንስ ቅርጹ ምስር ስለሚመስል ነው። ሙሉ ስሙ ፋኮኢመልሲፊኬሽን ሲሆን፣ ሌንሱን አድቅቆ ከፈሳሽ ጋር ማዋሐድ እንደማለት ነው። በእጅ የሚያዘው ክፍል፣ እኛ ሃንድፒስ የምንለው፣ ወፈር ያለ እስክሪብቶ ያህላል። በሆዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው የሚለጠጡና የሚኮማተሩ ክሪስታሎች አሉ። የእነሱ እንቅስቃሴ ጫፉ ላይ ወዳለችው የቲታኒየም መርፌ ይተላለፋል። መርፌዋ ውፍረቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰከንድ 40,000 ጊዜ ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትመላለሳለች፤ በእያንዳንዱ ምልልስ የምትጓዘው ግን የሚሊ ሜትርን አንድ አሥረኛ እንኳን አይሞላም። መርፌዋ ውስጧ ክፍት ስለሆነ የደቀቀውን ትመጥጣለች። በዙሪያዋ በለበሰችው የሲሊኮን እጅጌ በኩል ደግሞ ፈሳሽ ይገባል፤ ፈሳሹ ዓይኑ እንዳይሟሽሽ ይጠብቃል፤ መርፌዋንም ያቀዘቅዛል። ፈሳሹ ለጥቂት ሰከንድ ቢታገድ መርፌዋ ግላ የቀዶውን አፍ ታቃጥላለች። ስለዚህ በሥራ መካከል የፈሳሹን ከረጢት መጠን ማየት ከእኔ ኃላፊነቶች አንዱ ነው።

መንገዱን የቀየሱት አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ቻርልስ ኬልማን ናቸው። ሐሳቡ የመጣላቸው የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጠው በአልትራሳውንድ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ጥርሳቸውን ሲጸዱ ነበር። በሰው ዓይን ላይ የሞከሩት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የፋኮ የቅርብ ዘመድ እንግዲህ የጥርስ ማጽጃው እንጂ ሌዘሩ አይደለም።

ለታካሚ ቤተሰብ ሳስረዳ አቮካዶ አነሣለሁ። በሐዋሳ አቮካዶ የማያውቅ ሰው ስለሌለ ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል። የሰው ሌንስም እንደ አቮካዶ ልጣጭ፣ ሥጋና ፍሬ አለው። ሞራ የምንለው ያ ሥጋና ፍሬ ጥራቱን አጥቶ ሲደፈርስ ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችንም ትንሽ ያሳስተናል። «ሞራ» ስንል የበጉን ሆድቃ የሚሸፍነው ስስ ስብ ይታየናል፤ «ሞራ ገፈፋ» ስንል ደግሞ ከዓይን ላይ አንድ ሽፋን ተላጦ የሚነሣ ይመስለናል። ብዙ ሰው ሌዘርን በቀላሉ የሚቀበለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ላይ ላዩን ያለ ሽፋን ከሆነ ብርሃን ቢያተንነው ምን ይገርማል? ነገር ግን ዓይን ላይ የሚገፈፍ ነገር የለም። የደፈረሰው ከጥቁሩ የዓይን ክፍል በስተኋላ የተቀመጠው አቮካዶ ራሱ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። በአቮካዶው ልጣጭ ፊት ላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ መስኮት ይከፈታል። በዚያ መስኮት በኩል ሥጋውና ፍሬው በሙሉ ይወጣሉ፤ ልጣጩ ግን ሳይተረተር እንደ ባዶ ከረጢት መቅረት አለበት፤ ሰው ሠራሹ ሌንስ የሚቀመጠው በዚያ ከረጢት ውስጥ ነውና። ፍሬውን ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፍሬውን እዚያው ልጣጩ ውስጥ ሰባብሮ በቀጭን ቀሰም መምጠጥ ነው፤ ይህ ፋኮ ነው። ሁለተኛው ፍሬውን ሳይሰብሩ ከልጣጩ አስወጥቶ በሰፋ በር ማውጣት ነው፤ ይህ በእጅ የሚሠራው የአነስተኛ ቀዶ ዘዴ ነው። ለመጀመሪያው ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ በር ይበቃል። ለሁለተኛው ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በሩ በዓይኑ ነጭ ክፍል ውስጥ ዘለግ ያለ ዋሻ ሆኖ ስለሚፈለፈል የዓይኑ የራሱ ግፊት ይዘጋዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስፌት አይፈልግም።

አቮካዶው የሚሠራው ደግሞ ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። መስታወቱ የዓይን ብሌን ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በውስጠኛው ፊቱ ላይ አንድ ረድፍ ሕዋሳት ተደርድረዋል። መስታወቱን ጥርት አድርገው የያዙት እነሱ ናቸው፤ ሲሞቱ አይተኩም። ንዝረቱ በበዛና ለመስታወቱ በቀረበ መጠን ይጎዳቸዋል። በስተኋላ ያለው ልጣጭ ደግሞ ከሚሊ ሜትር ሺህ እጅ 4 ያህል ብቻ ይወፍራል። እዚህ ላይ አቮካዶዬ አይበቃኝም፤ ከሽንኩርት ውስጠኛ ሽፋን በብዙ እጥፍ የሚሳሳ ልጣጭ ያለው ፍሬ አላውቅም።

ክቡር አስተያየት ሰጪ፣ «ቢላዋ አይነካም» ያሉትን አሁን ላንሣ። ለፋኮ የማዘጋጀው ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ የሚነሣው ቢላዋ ነው፤ 2.8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ። ከእሱ ጎን ለሁለተኛው እጅ መግቢያ ትንሿን ቀዳዳ የምትከፍት ሌላ ስለት አለች። የልጣጩ መስኮት የሚጀመረው ጫፏ በታጠፈ ቀጭን መርፌ ነው፤ ብዙ ሐኪሞች መርፌዋን በገዛ እጃቸው ያጥፏታል። ከዚያ በትዕግሥት ልጣጩን ክብ አድርጎ የሚቀድደው መቆንጠጫ ይከተላል። ፋኮው ከገባ በኋላም ሐኪሙ በሌላ እጁ ፍሬውን የሚሰነጥቅበት መንጠቆ ይይዛል፤ በእግሩ ፔዳል ይረግጣል። በትንሹ ሲረግጥ ፈሳሹ ይከፈታል፤ ጨመር ሲያደርግ መምጠጥ ይጀምራል፤ እስከ መጨረሻው ሲጫን ብቻ ንዝረቱ ይመጣል። ሁለት እጅ፣ አንድ እግር፣ ሁለት ዓይን በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ማሽኑ ብቻውን የሚሠራው ነገር የለም።

ከሁሉም ያስቆጣኝ ግን ምክሩ ነው። ከይርጋለም አካባቢ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጥተው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ታይተው «በእጅ ይሠራል» ሲባሉ፣ ልጃቸው ሌዘር ያለበት እስክታገኝ ብላ መለሰቻቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ፍሬው ጠነከረ፤ ቀለሙም እንደ ተቆላ ቡና ሆነ። ሰው የማያውቀው ይህ ነው፤ ሞራ በቆየ ቁጥር ለፋኮ የሚመች ሳይሆን የማይመች ይሆናል። ድንጋይ የሆነን ፍሬ ለመፍጨት ብዙ ንዝረት ያስፈልጋል፤ ብዙ ንዝረት ደግሞ የማይተኩትን ሕዋሳት ይገድላል። አንዳንዱ ሞራ ከነጭራሹ አብጦ ወይም ፈስሶ የዓይን ግፊት ያስነሣል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው ብርሃን በየትኛውም መሣሪያ ላይመለስ ይችላል። ሐኪሙ መርምረው ለእኚህ እናት የሚሻለው ፍሬውን ሙሉውን ማውጣት እንደሆነ ወሰኑ። ልጅቱ አለቀሰች። «እኔ እስከዛሬ ያቆየኋቸው ለፋኮ ብዬ ነው» አለች። ኮሪደሩ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ስለ አቮካዶው ነገርኳት።

በእጅ የሚሠራው ዘዴ ለድሃ የተተወ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከኔፓል የወጣ ጥናት 108 ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ ሁለቱን ዘዴዎች አነጻጽሯል። ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱም ወገን የታየው ውጤት እጅግ ጥሩና ተቀራራቢ ሲሆን፣ በእጅ የተሠራው ፈጣንና ርካሽ ሆኖ ተገኝቷል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት መሠረት በአገራችን ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው ሞራ ነው። ይህን ሁሉ ሰው የፋኮ ማሽን እስኪደርሰው ጠብቅ ማለት በጨለማ ተቀመጥ ማለት ነው። ፋኮን እያጣጣልኩ አይደለም። በሩ ጠባብ ስለሆነ ዓይኑ ቶሎ ያገግማል፤ የብሌኑ ቅርጽም ብዙ አይለወጥም። ሞራው ገና ለስላሳ ለሆነ ሰው እኔም እሱን እመርጥለታለሁ። የምለው ምርጫው የሚወሰነው በፍሬው ጥንካሬ፣ በብሌኑ ጤንነትና በሐኪሙ ልምድ ነው።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስለ ፋኮ ሲወራ ስለ ማሽኑ ዋጋ ይወራል፤ ስለ እጥበቱ የሚያወራ የለም። ሃንድፒሱና ቀጫጭን ቱቦዎቹ ውስጣቸው ክፍት ነው። በሥራ ጊዜ ዓይን ውስጥ የሚጨመረው ዝልግልግ ፈሳሽ እዚያ ውስጥ ከደረቀ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። አውቶክሌቭ፣ መሣሪያን በጋለ እንፋሎት የምናመክንበት ማሽን፣ ጀርሙን ይገድለዋል እንጂ የደረቀውን ቅሪትም ሆነ የሳሙናውን ርዝራዥ አያወጣውም። ያ ቅሪት በሚቀጥለው ታካሚ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያለ ምንም ጀርም ዓይኑ በማግስቱ ደም ለብሶ፣ ብሌኑ ጭጋግ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ከዓይን እንደወጣ፣ ሳይደርቅ፣ ውስጡ በተጣራ ውኃ ደጋግሞ መታጠብና በአየር መነፋት አለበት። በፋሻ የሚወለውል ሰው ሳይ እጄን ዘርግቼ አስቆማለሁ፤ የፋሻ ክር ለዓይን ባዕድ ነገር ነው። የቀጭን መቆንጠጫ ጫፍ ደግሞ አንድ ጊዜ የብረት ሳህን ከነካ ሊጣመም ስለሚችል፣ በሲሊኮን ቆብ ሸፍኜ ለየብቻ አስቀምጠዋለሁ።

ታዲያ ሌዘር የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከሦስት ቦታ ይመስለኛል። አንደኛው መነጽር ለመተው ብሌንን በሌዘር የሚያስተካክለው ሕክምና ነው፤ ከሞራ ጋር አይገናኝም። ሁለተኛው በውጭ አገር አንዳንድ ቦታ በሌዘር ቀዶውን የሚጀምሩበት ዘዴ መኖሩ ነው። እውነት አለ፤ ሌዘሩ መስኮቱን ይከፍታል፣ ፍሬውንም ይሰነጣጥቀዋል። ከዚያ በኋላ የተሰነጣጠቀውን መጥጦ የሚያወጣው ግን ያው የሚንቀጠቀጠው የፋኮ መርፌ ነው።

ሦስተኛው በጣም የተለመደው ነው። ቀዶው ከተሠራ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከረጢት አድርገን ያስቀረነው የኋላ ልጣጭ ሊደፈርስ ይችላል። ሰው «ሞራው ተመልሶ በቀለ» ይላል፤ ሞራ ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም። ለዚህ ያግ የሚባል ሌዘር አለ። ታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አገጩን አስደግፎ፣ ዓይኑ ሳይቀደድ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ልጣጩ መሐል ላይ ይከፈታል። ሰውየው ወደ መንደሩ ተመልሶ «ሞራዬን በሌዘር አጠፉልኝ» ብሎ ያወራል። ለእሱ እውነት ነው፤ ለሰሚው ግን የሚቀረው ሌዘር የሚለው ቃል ብቻ ነው።

እናትየው በማግስቱ ፋሻቸው ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት የልጃቸውን ነጠላ ጥለት ነበር፤ ቀለሙን ጠሩት። ሁለተኛው ዓይናቸውም ሞራ አለበት፤ እሱ ገና አልጠነከረም። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ወደ እኔ መጥታ «ሲስተር፣ የሚቀጥለውስ የሚሰበር ነው ወይስ ሙሉውን የሚወጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪሙ ለፋኮ ቀጥረዋቸዋል።